ፈረሱን ወደ ዲፓ አታውርዱት

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ብሮ፣ ያ የፈረስ ቪዲዮህ የት ነው የተቀረጸው? አራት ሆነን ለገና ልንወርድ ነው። ፈረስ ተከራይተን፣ ማጎ ገብተን፣ ሐይቁ ዳር ድንኳን ልንተክል አስበናል። ፈረሱን እዛው አልዱባ እናገኛለን አይደል?»

መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። በሦስተኛው ስልኩን አስቀመጥኩና ከቤት ወጣሁ። መልሱ በአንድ መስመር የሚያልቅ አይደለም። ጠያቂውም እሱ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ዓመት ብቻ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ይሄ አምስተኛው ነው። ስለዚህ መልሱን እዚህ ልጻፈው።

ቪዲዮው 38 ሰከንድ ነው። አንድ ዳማ ፈረስ አለ። ጀርባው ላይ የተጠቀለለ ድንኳንና ሁለት ጆንያ ተጭኗል። ከፊቱ ወደ ቆላ የሚወርድ ቢጫ ሣር፣ ከዚያ ወዲያ ጭጋግ የለበሰ ተራራ። እኔ ልጓሙን ይዤ እየሳቅኩ እወርዳለሁ። ሙዚቃ ተጨምሮበታል። ከአርባ ሺህ በላይ ሰው አይቶታል። ቆንጆ ቪዲዮ ነው፣ አልዋሽም። ቪዲዮው የማያሳየው ነገር፣ ያ ፈረስ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር እንኳ አለመቆየቱን ነው።

አልዱባን ለማታውቁ፣ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ብዙው ቱሪስት በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። ማክሰኞ ግን ሌላ ናት፤ የገበያ ቀኗ ነው። ከደጋው አሪዎች ቡናውን፣ ጎደሬውን፣ እህሉን፣ የሸክላ ድስቱን ይዘው ይወርዳሉ። ከቆላው በናዎች ፍየሉንና ማሩን ይዘው ይወጣሉ። እኔ ያደግኩት እዚያ ገበያ ጠርዝ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ነገር አይ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን በጣም ዘግይቶ ነው። ፈረስ የሚመጣው ሁልጊዜ ከላይ ነው። ከታች መጥቶ አያውቅም።

አጎቴ የሚኖረው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ዳማው የእሱ ነበር። በየማክሰኞው ቡናና እህል ጭኖ ይወርዳል፣ ጨውና ሳሙና ጭኖ ይመለሳል። ሰው ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያወርደውም እሱ ነው። አጎቴ ደብተር የለውም፣ የባንክ አካውንትም የለውም። ያለው ነገር ሁሉ በአራት እግር ቆሞ ደጁ ላይ ሣር ይግጥ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ መጡ። ውጭ አገር ሰዎች በፈረስ ጉዞ ሄደው ሐይቅ ዳር ሲያድሩ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አይተው ልባቸው ተነስቷል። ፈረሱ ውሃ ሲጠጣ፣ እሳቱ ሲነድ፣ ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሲነሳ። «እዚህ አገርስ ምን ይጎድለናል?» አሉ። እውነት ነው፣ ካርታው ላይ ምንም አይጎድልም። የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ከጂንካ ቁልቁል ነው። ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ፓርክ ነው፤ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳ የሚኖርበት፣ የማጎ ተራራ 2,528 ሜትር ላይ የሚቆምበት። ከታች ደግሞ በኦሞ ወንዝ አካባቢ ዲፓ የሚባል ሐይቅ አለው። ፓርክ አለ፣ ሐይቅ አለ። ፈረስ ደግሞ አጎቴ ጋ አለ።

ወጥቼ ጠየቅኩት። አጎቴ ቡናውን አስቀምጦ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ቆላ ነው'ኮ። ዝንቡስ?» አለኝ።

«ሁለት ሌሊት ብቻ ነው አጎቴ። ምንም አይሆንም።»

«እኛ ወደዚያ አንወርድም፤ አባቶቻችንም አይወርዱም ነበር።»

«ድሮ መድኃኒት ስለሌለ ነዋ! አሁን እኮ ሁሉ ነገር አለ።»

አየኝ። «እንግዲህ አንተ ተምረሃል። አንተ ታውቃለህ» አለና ልጓሙን ሰጠኝ።

ያቺን «አንተ ታውቃለህ» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ስለ ዝንብ የማውቀው ነገር አልነበረም። እሱ ግን አንድ ዕድሜ ሙሉ ያወቀውን ነገር ለእኔ ዲግሪ ሲል ወደ ጎን ተወው።

ለሦስት ቀን 1,500 ብር ሰጠነው። ብዙ የሰጠን መስሎን ነበር።

ጉዞውን ላሳጥረው። ዲፓን አላየሁትም። ፓርኩ ድንበር አካባቢ ስንደርስ አንድ በዕድሜ የገፋ ስካውት አስቆመን። ፈረሱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ልጆች፣ ይሄን ይዛችሁ አትገቡም። ፈቃድ ብታመጡም አትገቡም። መልሱት፣ ዛሬውኑ መልሱት» አለን። ሕግ ሊያስከብር የቆመ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ለፈረሱ አዝኖ ነበር። እኛ ግን ደክሞን ነበር፤ ፀሐዩም ገደለን። ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰን፣ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን፣ ሁለት ሌሊት እዚያው አደርን። «ሐይቅ ባይሆንም ውሃ ነው» ተባባልን።

ዝንቡ ቀን ቀን ነው የሚመጣው። እንደ ቤት ዝንብ አይደለም፤ ጠንካራ ነው፣ ስትመታው አይሞትም፣ ሸሚዝ አልፎ ይነክሳል። እኛ እየጮህን በፎጣ እንከላከላለን። ዳማው ታስሯል። ጭራውን ያወናጭፋል፣ እግሩን መሬት ላይ ይመታል፣ ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ጓደኛዬ ያንንም ቀረጸው። «እየጨፈረ ነው!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ከተመለስን ሦስት ሳምንት ገደማ ሆኖት አጎቴ ደወለ። «ይበላል፣ ግን ይከሳል» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ትኩሳት፣ የሚያለቅስ ዓይን፣ ከሆዱ ሥር እብጠት። ከዚያ የኋላ እግሮቹ እንደ ሰካራም ይንገዳገዱ ጀመር። የእንስሳት ሐኪም ይዤ ወጣሁ። ሐኪሙ ድዱን ገልጦ አየ፤ ነጭ ሆኗል። «የት ነበር ይሄ ፈረስ?» አለ። አጎቴ መለሰለት ብዬ ጠበቅኩ፤ ዝም አለ። እኔው ነገርኩት። «ገንዲ ነው። ዘግይታችኋል» አለ። መርፌውን ወጋው፤ ለጥቂት ቀን የተሻለው መስሎ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደቀ፤ አልተነሳም።

እኔን የቀጣኝ ግን የፈረሱ ሞት ብቻ አይደለም። በቀጣዩ ማክሰኞ ገበያ ላይ የአጎቴን ሚስት አየኋት። ከደጋው ጀምራ ጆንያውን በጀርባዋ ተሸክማ ወርዳለች። ገመዱ ደረቷ ላይ መስመር ሠርቷል። ሰላም አለችኝ፣ ሳመችኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ስለ ፈረሱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት፤ ቀድሞ መሆን የነበረበት።

ገንዲ የሚያመጣው ትራይፓኖሶማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ነው። የቆላ ዝንብ፣ በሌላ ስሙ ጼጼ፣ ከአንዱ እንስሳ ደም ይወስድና ወደ ሌላው ያስገባዋል። ጎሹና አጋዘኑ በደማቸው ይዘውት ይኖራሉ፤ ለብዙ ሺህ ዘመን ተላምደውታል። ፈረስ ግን አልተላመደውም። ከቤት እንስሳት ሁሉ ፈረስ በዚህ በሽታ ክፉኛ ከሚጠቁት አንዱ ነው። አህያ የተሻለ ይቋቋማል። ዝንቡ በአገራችን የሚኖረው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ባሉ ቆላማ የወንዝ ሸለቆዎች ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ኦሞና ማጎ ደግሞ ልብ ውስጥ ናቸው። የሚንቀሳቀስ፣ የሚሞቅ፣ ጠቆር ያለ ትልቅ ነገር ይስበዋል፤ ለዚህ ነው የምትሄድ መኪና እንኳ የሚያሳድደው። ሰማያዊ ቀለምም ይስበዋል፤ የዝንብ ወጥመዶች ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ድንኳን ሰማያዊ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በስልካችሁ ስንት የደቡብ ኦሞ ፎቶ አይታችኋል? የሐመር የከብት ዝላይ፣ የሙርሲ መንደር፣ የካሮ የገላ ሥዕል። አስቡት፣ ከእነዚህ ሁሉ ፎቶዎች በአንዱ ውስጥ እንኳ ፈረስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከብት አለ፣ ፍየል አለ፣ አህያ አለ። ፈረስ የለም። ድህነት አይደለም፤ ስለ ፈረስ ስላልሰሙም አይደለም። ቆላው የራሱ ሕግ አለው፤ ሰዎቹም ያውቁታል። ሙርሲዎች ከብታቸውን እንኳ ዝንቡ ከበዛበት ቁጥቋጦ አርቀው ነው የሚጠብቁት። የፎቶው ባዶ ቦታ መልእክት ነበር፤ እኛ ማንበብ አልቻልንም።

ይሄ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻም አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ የኦዮ መንግሥት በፈረሰኛ ጦሩ የታወቀ ነበር፤ ኃይሉ ግን ክፍት ሣር ምድር ላይ እንጂ ዝንብ ባለበት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ አልነበረም። መንግሥታትን ያስቆመ ዝንብ የእኔን ድንኳን ይፈራል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

የነጭ ሣር ፓርክን የምታውቁ ደግሞ እንዲህ ትሉ ይሆናል፤ «በአባያና በጫሞ መካከል እኮ የሜዳ አህያ በመንጋ ይኖራል። የፈረስ ዘመድ አይደል እንዴ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳይንቲስቶችም ጠይቀውታል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንግሊዝ አገር ውስጥ ፈረሶችን የሜዳ አህያ መስመር ያለው ልብስ አለበሳቸው። ተናካሽ ዝንቦቹ በባለመስመሩ ልብስ ላይ ያረፉት ከባለአንድ ቀለሙ በጣም ባነሰ ቁጥር ነው፤ መስመሩ ሲያርፉ ዓይናቸውን ያምታታባቸዋል። የሜዳ አህያ መከላከያውን ለብሶ ነው የተወለደው። ዳማው የለበሰው ቡናማ ቆዳውን ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት መከራከሪያዎች ይመጣሉ። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ የራሴ ነበሩ።

የመጀመሪያው «መድኃኒት አለ» የሚለው ነው። አለ። ግን በዋናነት የምንጠቀምባቸው መድኃኒቶች ከ60 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው፤ ተውሳኩም በየቦታው እየተላመዳቸው ነው። ክትባት የለውም፤ ምክንያቱም ተውሳኩ ላይኛውን ልብሱን እየቀያየረ የእንስሳውን የመከላከያ ኃይል ያታልላል። ሰውነት አንዱን ልብስ ለይቶ መዋጋት ሲጀምር እሱ ሌላ ለብሶ ይመጣል። ላይኛው ደጋ ላይ ደግሞ ሐኪምና ማይክሮስኮፕ በቅርብ አይገኙም። ፈረሱ ሲከሳ ካያችሁ በኋላ ነው ወሬው የሚሰማው፤ ያኔ ረፍዷል።

ሁለተኛው «ለሁለት ቀን ብቻ ነው» የሚለው ነው። ዝንቡ ቀን አይቆጥርም። በሽታውን የያዘ አንድ ዝንብ፣ አንድ ንክሻ ይበቃዋል። ሐይቅ ዳር ደግሞ ጣጣው ቀን ላይ አያበቃም። ሲመሽ ከረግረጉ የሚነሱ ጥቃቅን ተናካሾች አሉ፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። ይሄኛው በአገራችን ያለ በሽታ ነው፤ ሲብስ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ለዚህኛው ክትባት አለው፤ ግን ፈረሱ መከተቡን ጠይቆ የሚከራይ ማን ነው? በሽታው ባለበት አገር ባለሙያዎች ፈረስን ከምሽት እስከ ንጋት ቤት አስገቡት ብለው ይመክራሉ። እኛ በትክክል በዚያ ሰዓት ውሃ ዳር አስረነው «ሰንሴት» እንቀርጻለን።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። «ለአካባቢው ሰው ገቢ ነው።» ይሄን የሚሉኝ የከተማ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የአልዱባና የጂንካ እኩዮቼም ናቸው። ሥራ የለም። አንድ ሁለቱ «የፈረስ ካምፒንግ ፓኬጅ» ሊጀምሩ አስበው አማክረውኛል። አልፈርድባቸውም። ግን ሒሳቡን እንሥራው፤ ይሄ እንኳ የተማርኩት ነው። አጎቴ በሦስት ቀን 1,500 ብር አገኘ። በምትኩ ሌላ ፈረስ ለመግዛት ገበያ ስወጣ የተጠየቅኩት 22,000 ብር ነበር። ኪሳራውን ለመመለስ አሥራ አምስት እንዲህ ያለ ጉዞ ይፈልጋል፤ ያውም በሞተ ፈረስ። በመካከል ያለውን ገበያ፣ ሕክምናና የአክስቴን ጀርባ ደግሞ ማንም ደረሰኝ አይቆርጥለትም። ትርፉ የእኛ፣ ኪሳራው የእሱ የሆነበት ሥራ ገቢ አይባልም።

«መንግሥት ዝንቡን ያጥፋው» የሚልም አለ። ተሞክሯል፣ እየተሞከረም ነው። በቃሊቲ ወንድ ዝንቦችን እያራቡ፣ በጨረር እያመከኑ ለመልቀቅ የሚያስችል ማዕከል ተቋቁሟል፤ የደቡቡ የስምጥ ሸለቆ የዘመቻው ዋና ቦታ ነው። ዘዴው ዛንዚባር ላይ፣ ኡንጉጃ ደሴት ውስጥ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዝንቡን ጨርሶ አጥፍቷል። ግን ደሴትን ባሕር ይከብባታል፤ ማጎን የሚከብበው ሌላ ቁጥቋጦ ነው፣ ከዚያ የጸዳው ቦታ ተመልሶ ይሞላል። በዚያ ላይ ይሄ የእንስሳት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. በደቡቡ የአገራችን ክፍል፣ ለአሥርት ዓመታት ጠፍቶ የቆየው የሰው የእንቅልፍ በሽታ ጥቂት ሰዎች ላይ ተገኝቷል። ያው ዝንብ ነው የሚያስተላልፈው።

ታዲያ ቤታችሁ ተቀመጡ ነው የምለው? በፍጹም። ውረዱ። ግን ፈረሱንና ሐይቁን አትቀላቅሉት።

ማጎን ማየት የምትፈልጉ በመኪና ሂዱ፤ ስካውት ይዛችሁ በእግር ተንቀሳቀሱ። ነሪ ወንዝ ዳር፣ ትልልቅ ዛፎች ሥር፣ ካምፕ የሚደረግበት ቦታ አለ። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ሰማያዊና ጥቁር ልብስ አስቀሩ። ሌሊት የምትሰሙት ድምፅ ከማንኛውም ሙዚቃ ይበልጣል።

ፈረስ የምትፈልጉ ደግሞ አቅጣጫውን ገልብጡት። አትውረዱ፣ ውጡ። ከአልዱባም ከጂንካም ወደ ላይ የአሪ ደጋ አለ። እንሰት የከበበው ቤት፣ ብርድ፣ ምንጭ፣ ጠዋት ከእግራችሁ በታች የሚተኛ ደመና። ፈረሱ ያደገበት አየር ነው፤ ማታ የሚያድረው በራሱ ጋጣ ነው። ባለቤቱ አብሯችሁ ይሄዳል። ለእኩዮቼ የምለውም ይሄንኑ ነው፤ ፓኬጁን እዚያ ላይ ሥሩት። ማንም የማይሸጠው ነገር በእጃችሁ አለ፤ የግድ ሐይቅ ካልጨመርንበት አይሸጥም የሚል ማነው?

ሐይቅና ፈረስ በአንድ ላይ ካላችሁ ደግሞ ደጋ ላይ ያሉ ሐይቆች አሉን። ወንጪ አለ። ፈረሱ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ መንደሩ በ2021 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ተመርጧል። እንጅባራ አጠገብ ዘንገና አለ፤ የአገው ፈረሰኞች ጥር 23ን የሚያከብሩበት አገር፣ ፈረስ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ። መንገዱ ሰላም ሲሆን እኔም ልሄድ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሐይቁ ይቅርብኝ፣ ብዙ ቀን በፈረስ ልሂድ የሚል ደግሞ አዳባና ዶዶላ አለለት። ባለፈረሶቹ ተደራጅተው በተራ የሚሠሩበት፣ ማደሪያ ጎጆዎች በየተራራው የተሠሩለት ጉዞ ነው። ከእነሱ የምንማረው ትልቁ ነገር ተራው ነው፤ አንድ ፈረስ በየቀኑ አይለፋም፣ አንድ ሰውም ብቻውን አይጠቀምም።

የትም ብትሄዱ ግን ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ።

ፈረሱ የማን ነው? ደላላውን ሳይሆን ባለቤቱን አግኙት። ስንት ይሸከማል? የተለመደው መመሪያ ከራሱ ክብደት 20 በመቶ ገደማ ነው። የእኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው፤ 250 ኪሎ ከመዘነ ድርሻው 50 ኪሎ ነው ማለት ነው፣ ኮርቻው ተጨምሮ። እናንተ ስንት ትመዝናላችሁ? ብዙዎቻችን ከጎኑ መሄድ እንጂ መቀመጥ አይገባንም። ጀርባው ቁስል አለው ወይ? ኮርቻውን አስነስታችሁ እዩ፤ አትፈሩ፣ ብር እየከፈላችሁ ነው። አራተኛውን ጥያቄ ማንም አይጠይቅም። ፈረሱ ቢታመም ማን ይከፍላል? እስከ መቼ? ገንዲ የሚታየው እናንተ ቤታችሁ ገብታችሁ ቪዲዮውን ከለቀቃችሁ በኋላ ነው። ስልክ ቁጥር ተለዋወጡ። ከወር በኋላ ደውሉ።

ባለቤቱ «ወደዚያ አንወርድም» ካለ ደግሞ አትከራከሩት። ዋጋ ለማስጨመር ሊሆን ይችላል፤ ይችላል፣ አልክድም። ግን ደግሞ አያቱ የነገረውን እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል። እኔ ያንን ዕውቀት በአንድ «አሁን እኮ ሁሉ ነገር አለ» ዘጋሁት። አጎቴም ለተማረ ልጅ ካለው አክብሮት የተነሳ እሺ አለኝ። ሰው እሺ ሲላችሁ ተስማምቶ ነው ወይስ አክብሯችሁ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ልዩነቱ ፈረስ ያህላል።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ማድረስ የእሱ ነው፤ የት እንደሚደርስ የሚወስነው ልጓሙን የያዘው ነው።

የአጎቴን ዕዳ በ14 ወር ከፍዬ ጨረስኩ። ገንዘቡን ሲቀበል ፈረስ ይገዛል ብዬ ነበር። አልገዛም፤ አህያ ገዛ፣ የተረፈውን ለልጁ ትምህርት አዋለው። «ፈረስ ካለኝ ሰው ይለምነኛል። እምቢ ማለት ደግሞ አልችልም» አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አክስቴ ግን አህያዋን ወዳታለች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከፊት እየነዳቻት ትመጣለች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ጀርባዋ ባዶ።

ቪዲዮውን ላጠፋው ነበር። ተውኩት፤ ካጠፋሁት ሌላ ሰው ሌላ ይሠራል። ከሥሩ «ይሄ ፈረስ ከዚህ ጉዞ በኋላ በገንዲ ሞቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ጻፍኩና ኮመንቱን ከላይ ሰካሁት። ላይኩ ቀነሰ። ይቀንስ።

ለልጁም ዛሬ ጠዋት መለስኩለት። «ፈረሱን ተዉት፤ እናንተ ግን ኑ። ለማክሰኞ አልዱባ ድረሱ፣ ገበያውን አሳያችኋለሁ። ከዚያ ወደ ላይ እንወጣለን። አጎቴ ቤት ቡና አለ።»

አይቶታል። እስካሁን አልመለሰም።